ሉዊ ማሲኞን፦ ፈረንሳይ ለሙስሊሞች የገባችውን ቃል እንድትጠብቅ የታገለው ምሁር

የአልጄሪያ ሙስሊሞች ከፈረንሳይ ቅኝ አገዛዝ ነጻ ለመውጣት ያደረጉት ትግል ሲነሳ ብዙዎቻችን የምናስበው ሙጃሂዶቹን፣ ሸሂዶቹን፣ የአልጀርስን ጠባብ መንደሮችና የአውራስን ተራሮች ነው። ይህ ተገቢ ነው፤ ትግሉ የእነሱ ነበር፣ የፈሰሰውም ደም የእነሱ ነበር። ነገር ግን ያ ጦርነት በራሷ በፈረንሳይ ውስጥም ሌላ ትግል አስነስቶ ነበር። ፖለቲከኞች፣ ደራሲዎች፣ ቄሶች፣ ጄኔራሎችና የዩኒቨርሲቲ መምህራን መንግሥታቸው በሙስሊሞች ላይ የሚፈጽመውን ግፍ እያዩ አቋም መያዝ ግድ ሆነባቸው። ብዙዎች ደገፉ፣ ብዙዎች ዝም አሉ፣ ጥቂቶች ተቃወሙ።

በዚህ ጽሑፍ ከነዚያ ጥቂቶች የአንዱን ሕይወት እናነሳለን። ሉዊ ማሲኞን ይባላል። በዘመኑ በአውሮፓ ስለ እስልምና ካጠኑ ምሁራን መካከል ስሙ ቀድሞ የሚጠራ ሰው ነበር። ሙስሊም አልነበረም፤ ክርስቲያን ሆኖ ኖሮ ክርስቲያን ሆኖ ሞቷል። በወጣትነቱ የቅኝ አገዛዙ አገልጋይ ነበር። በሽምግልናው ደግሞ ለአልጄሪያ ሙስሊሞች በመቆሙ ተደብድቧል፣ በፖሊስ ታፍሷል። እንዲህ ያለውን ሰው መመዘን ቀላል ስላልሆነ ታሪኩን ከነጉድለቱ እናቀርባለን። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የባግዳድ እንግዳ

ማሲኞን የተወለደው ጁላይ 25 ቀን 1883 ከፓሪስ አጠገብ በምትገኘው ኖዣን ሱር ማርን ነው። አባቱ ስመ ጥር ቀራጺ ነበር። ልጁ ግን ልቡ ወደ ዐረቡ ዓለም አዘነበለ። በ1901 ገና የ18 ዓመት ወጣት ሳለ አልጄሪያን ጎበኘ። በ1904 ደግሞ ሐሰን አል-ወዛን ስለተባለው የ16ኛው ክፍለ ዘመን ሙስሊም ተጓዥ ለማጥናት ወደ ሞሮኮ ሄደ። ከዚያ በኋላ ዐረብኛን በሚገባ ለመማር ቆርጦ ተነሳ።

ሕይወቱን የለወጠው ግን የኢራቅ ጉዞው ነው። በ1907 መጨረሻ ለጥንታዊ ቅርሶች ጥናት ወደ ባግዳድ ሲላክ እንደሌሎቹ አውሮፓውያን ተለይቶ መኖር አልፈለገም። በሙስሊሞች ሰፈር ቤት ያዘ፤ የአሉሲ ቤተሰብ ዑለማዎችም እንደ እንግዳቸው ተቀበሉት። ይህ ቤተሰብ ሩሑል መዓኒ የተሰኘውን ታላቅ ተፍሲር የጻፉት የሸይኽ ሺሃቡዲን አል-አሉሲ ዘር ነው። ለዲን ተማሪዎች ስሙ አዲስ አይደለም።

በ1908 የጸደይ ወራት የዑስማኒያ ባለሥልጣናት ማሲኞንን ሰላይ ነው ብለው ጠረጠሩት። በጤግሮስ ወንዝ በሚጓዝ መርከብ ላይ ሳለ ተያዘ። በዚያው ሰሞን በጠና ታመመ፣ ራሱንም እስከ መሳት ደረሰ። በዚህ ጊዜ አሉሲዎቹ እንግዳችን ነው፣ እኛ እንመሰክርለታለን ብለው ቆሙለት። በሕመሙም ጊዜ ዱዓ አደረጉለት። የማያውቁት፣ የሃይማኖታቸው ተከታይ ያልሆነ፣ በዚያ ላይ በስለላ የተጠረጠረ ሰው ነበር። ይሁን እንጂ ቤታቸው የገባ እንግዳ አማና ስለሆነ አልከዱትም።

ማሲኞን እስከዚያ ድረስ ሃይማኖቱን ትቶ የሚኖር ሰው ነበር። ከዚህ በኋላ ወደ ክርስትናው ተመለሰ። በፈጣሪ ማመንን መልሶ ያገኘው በሙስሊሞች መካከል፣ በሙስሊሞች እንግዳ ተቀባይነት ምክንያት እንደሆነ ዕድሜውን ሙሉ ይናገር ነበር። ይህ ውለታ ከሃምሳ ዓመት በኋላ በፓሪስ ጎዳናዎች ላይ ለሠራው ሥራ ሥሩ ነው።

የቅኝ አገዛዙ ባለሟል

ከባግዳድ ከተመለሰ በኋላ ወደ ካይሮ ሄዶ በአል-አዝሀር ትምህርት ተከታተለ። በ1912 እና 1913 በአዲሱ የግብፅ ዩኒቨርሲቲ በዐረብኛ አስተማረ። ከሰሙት ተማሪዎች አንዱ በኋላ ታዋቂ ደራሲ የሆነው ጣሃ ሑሴን ነበር።

ከዚያ የአንደኛው የዓለም ጦርነት መጣ። ማሲኞን በዳርዳኔል ግንባር ካገለገለ በኋላ በ1917 የፍራንስዋ ዦርዥ ፒኮ ረዳት ሆኖ ተመደበ። ይህ ፒኮ ከእንግሊዛዊው ሳይክስ ጋር የዐረብ ምድርን በካርታ ላይ የተከፋፈለው ሰው ነው። ሙስሊሞች ለአንድ መቶ ዓመት መዘዙን ያዩት ያ ስምምነት ሲተገበር ማሲኞን በቢሮው ውስጥ ነበር። ይህን መሸፈን አይገባም። ዕውቀቱን፣ ዐረብኛውንና ከሙስሊሞች ጋር የነበረውን ቅርበት ለመንግሥቱ ጥቅም አውሏል። ከጦርነቱ በኋላም ለብዙ ዓመታት የፈረንሳይ መንግሥት ስለ ሙስሊም ግዛቶቹ የሚያማክረው ሰው ሆኖ ቆይቷል።

በ1922 በባግዳድ በ922 ስለተገደለው ስለ ሐላጅ ሰፊ ጥናቱን አሳተመ። ዑለማዎቻችን ስለ ሐላጅ ያላቸው አቋም የተለያየ በመሆኑ ወደዚያ አንገባም። ጥናቱ ግን ማሲኞንን በዓለም አሳወቀው። በ1926 ኮሌዥ ደ ፍራንስ በተባለው ታላቅ ተቋም የሙስሊሙ ማኅበረሰብ ጥናት መምህር ሆነ፤ እስከ 1954 ድረስም አስተማረ። በ1933 ካይሮ ውስጥ ሲቋቋም በነበረው የዐረብኛ ቋንቋ አካዳሚ አባል ተደረገ። በኋላ የአል-አዝሀር ታላቁ ሸይኽ የሆኑት ዶክተር ዐብዱልሐሊም ማሕሙድ በ1940 ፓሪስ ላይ ስለ ሓሪስ አል-ሙሓሲቢ የዶክትሬት ጥናታቸውን የሠሩት በእሱ መሪነት ነው። ኢራናዊው ዐሊ ሸሪዓቲም በመጨረሻዎቹ ዓመታት አብሮት ሠርቷል።

ሆኖም ሁሉም ሙስሊም አላመነውም። የአልጄሪያው አሳቢ ማሊክ ቢን ነቢ በ1930ዎቹ ፓሪስ ውስጥ ተማሪ ነበር። በትዝታ መጽሐፉ ማሲኞንን የቅኝ አገዛዙ ዐይንና እጅ አድርጎ ይስለዋል፤ የሥራና የኑሮ በሮች ለተዘጉበትም ተጠያቂ ያደርገዋል። ይህ የጠላት ወሬ ተብሎ የሚጣል ቃል አይደለም። ቢን ነቢ በቅኝ ግዛት የተወለደ፣ በችሎታው ሳይሆን በማንነቱ የተገፋ ሙስሊም ነበር። ከእሱ በኩል ሲታይ ስለ እስልምና ሁሉንም የሚያውቅ የመንግሥት አማካሪ የሚያስፈራ ሰው ነው።

የተሰበረው ቃል

ማሲኞን በአንድ ቀን አልተለወጠም። ከ1930 አካባቢ ጀምሮ በፓሪስ ፋብሪካዎች ለሚሠሩ የሰሜን አፍሪካ ሙስሊሞች ማታ ማታ ያስተምር ነበር። ታላቁ መምህር ቀን ለሊቃውንት፣ ማታ ደግሞ ለደከሙ ሠራተኞች ያስተምራል። ከእነሱ የሰማው በመንግሥት ሪፖርት ውስጥ የሌለ ነገር ነበር። በ1931 ጋንዲን ፓሪስ ላይ አገኘው፤ ያለ ኃይል ግፍን የመቋቋም መንገዱም ማረከው። በ1947 የፍልስጤምን መከፋፈል ተቃወመ፤ ከዚያ በኋላም ለተፈናቀሉት ፍልስጤማውያን ሲከራከር ቆየ። በ1950 በካይሮ በዐረብኛ በሚቀድሰው የመልካውያን ቤተ ክርስቲያን ቅስና ተቀበለ።

ስለ አልጄሪያ ያሰበውን ለመረዳት ግን ወደ 1830 መመለስ ያስፈልጋል። ፈረንሳይ አልጀርስን ስትይዝ ጁላይ 5 ቀን 1830 ጄኔራል ቡርሞን በፈረመው ስምምነት የነዋሪዎቹ ሃይማኖት፣ ነጻነትና ንብረት እንደማይነካ ቃል ገብቶ ነበር። ቃሉ ብዙም አልቆየም። በ1832 የአልጀርሱ ከትሻዋ መስጂድ ተወስዶ ቤተ ክርስቲያን ተደረገ። መስጂዶችንና መድረሳዎችን ያስተዳድሩ የነበሩት የወቅፍ ንብረቶች ተወረሱ። ለም መሬቶች ለአውሮፓውያን ሰፋሪዎች ተሰጡ። በ1881 ሙስሊሞች ብቻ የሚቀጡበት ልዩ ሕግ ወጣ። ሜይ 8 ቀን 1945 አውሮፓ ከናዚዎች ነጻ መውጣቷን ስታከብር ሰጢፍና ጉልማ ላይ ነጻነት የጠየቁ አልጄሪያውያንና የየመንደሩ ሰዎች በሺዎች ተጨፈጨፉ።

ማሲኞን ይህን ሁሉ ያየው ባግዳድ በተማረው መለኪያ ነው። ለእሱ የቅኝ አገዛዝ ትልቁ ኃጢአት የተሰጠን ቃል ማጠፍ ነበር። አምኖህ በሩን የከፈተልህን፣ በጦርህ ውስጥ ተሰልፎ የሞተልህን፣ በፋብሪካህ የሠራልህን ሰው መክዳት ማለት ነው። እኛ ይህን የአማና ክሕደት እንለዋለን።

ኦገስት 20 ቀን 1953 ፈረንሳይ የሞሮኮውን ሱልጣን ሙሐመድ አምስተኛን ከዙፋናቸው አንስታ ስታግዛቸው ማሲኞን በአደባባይ ተቃወመ። ከደራሲው ፍራንስዋ ሞሪያክ ጋር በፈረንሳይ ማግሪብ ኮሚቴ ውስጥ ተሰለፈ። በዚያው ወር በሙስሊሞችና በክርስቲያኖች መካከል ሰላም እንዲወርድ በየወሩ አንድ ጁሙዓ መጾም ጀመረ፤ ሌሎችም አብረውት እንዲጾሙ ጠራ።

ጦርነቱና የፈረንሳይ ልሂቃን

ኖቬምበር 1 ቀን 1954 የአልጄሪያ ብሔራዊ ነጻ አውጪ ግንባር ትጥቅ ትግሉን ጀመረ። በወቅቱ የአገር ውስጥ ሚኒስትር የነበረው ፍራንስዋ ሚተራን መልሱ አልጄሪያ ፈረንሳይ ናት የሚል ነበር። ሶሻሊስቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ጊ ሞሌ በ1956 ለሠራዊቱ ልዩ ሥልጣን የሚሰጠውን ሕግ ሲያቀርብ ኮሚኒስቶቹም ሳይቀሩ ድምፅ ሰጡለት። ስለዚህ ግፉ የቀኝ ፖለቲከኞች ብቻ ሥራ አልነበረም። ስለ እኩልነት የሚሰብኩትም እጃቸው አለበት።

በ1957 የፓራሹት ጦሩ አልጀርስን ሲቆጣጠር ሰዎች በሌሊት ከቤታቸው ይወሰዱ፣ በኤሌክትሪክና በውኃ ይሠቃዩ ነበር። ከተወሰዱት ብዙዎቹ አልተመለሱም። ጋዜጠኛው ሄንሪ አሌግ የደረሰበትን ሥቃይ ጽፎ በ1958 ሲያሳትም መንግሥት መጽሐፉን አገደው። ጄኔራል ዣክ ደ ቦላርዲየር ይህን አልሠራም ብሎ ከኃላፊነቱ እንዲነሳ በመጠየቁና ተቃውሞውን በይፋ በመግለጹ 60 ቀን ታሰረ።

ደራሲዎቹ ተከፋፈሉ። ሞሪያክ ማሠቃየትን ከመጀመሪያዎቹ ወራት አንሥቶ በጋዜጣ አወገዘ። አልጄሪያ የተወለደው አልቤር ካሙ በ1939 የቀባይልን ረሃብ ያጋለጠ ሰው ነበር። በ1956 መጀመሪያ ሲቪሎች እንዳይገደሉ ተኩስ አቁም ጠየቀ፤ ሰሚ ሲያጣ ግን ዝምታን መረጠ፣ የአልጄሪያን ነጻነትም መቀበል አልቻለም። ዣን ፖል ሳርትር ነጻነቱን ሙሉ በሙሉ ደገፈ፤ በዚህም ቤቱ በቦምብ ተመታ። በሴፕቴምበር 1960 እሱን ጨምሮ 121 ምሁራንና የጥበብ ሰዎች ወጣቶች ለዚህ ጦርነት መሣሪያ አላነሳም ማለታቸውን የሚደግፍ መግለጫ ፈረሙ። በቀጣዩ ወር ደግሞ ሌሎች ምሁራን ሠራዊቱን የሚደግፍ መግለጫ አወጡ። የአገረ ገዢነቱን ሥልጣን ይዞ የነበረው ዣክ ሱስቴል እንኳ የሰውን ልጅ ባህል ያጠና ምሁር ነበር። ዕውቀት ብቻውን ወደ ፍትሕ እንደማይመራ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ማሲኞን ጦርነቱ ሲጀመር 71 ዓመቱ ነበር። መጀመሪያ ላይ እኩልነትና ፍትሕ ከተሰጠ ሁለቱ ሕዝቦች አብረው ሊኖሩ ይችላሉ ብሎ ተስፋ ያደርግ ነበር። ብዙ አልጄሪያውያን ያ ጊዜ እንዳለፈ ከእሱ ቀድመው ተረድተዋል። የታጠቁትን ወገኖች ሁሉ የሲቪሎች ግድያ ይቃወም ስለነበርም ከሁለቱም ወገን ወቀሳ ደርሶበታል። ነገር ግን በወረቀት ላይ ከመፈረም ያለፈ ነገር አደረገ። የታሰሩ አልጄሪያውያንን በፍሬን እስር ቤት እየሄደ ጠየቀ፣ አጽናና። በቅኝ ግዛቶች ለተፈረደባቸው የፖለቲካ እስረኞች ምሕረት የሚጠይቀውን ኮሚቴ በሊቀመንበርነት መራ። በ1958 ፓሪስ ውስጥ በአንድ ስብሰባ ላይ የነጻነቱ ተቃዋሚዎች ደበደቡት። በኤፕሪል 1960 አልጄሪያውያን ያለ ፍርድ የሚታጎሩባቸውን ካምፖች በመቃወም ቫንሴን ላይ ከሌሎች ጋር መሬት ላይ ተቀመጠ። ፖሊሶች የ76 ዓመቱን ሽማግሌ አንስተው በመኪና ጭነው ወሰዱት።

የዋሻው ሰዎች

በየጁሙዓው የምንቀራው ሱረቱል ከህፍ የሚነግረን የዋሻው ወጣቶች ታሪክ በክርስቲያኖችም ዘንድ የኤፌሶን ሰባቱ አንቀላፊዎች ተብሎ ይታወቃል። በፈረንሳይ ብሪታኒ ክፍለ ሀገር ቪዩ ማርሼ በምትባል ትንሽ የገጠር መንደር በስማቸው የተሠራ ቤተ ጸሎት አለ። ማሲኞን በ1954 ጁላይ ወር በሚደረገው የመንደሩ ዓመታዊ በዓል ላይ ሙስሊሞች እንዲገኙ ጋበዘ።

ጊዜውን ልብ እንበል። ጥቂት ወራት ቆይቶ ጦርነቱ ተነሳ። ጋዜጦች አልጄሪያዊውን ሁሉ ገዳይ አድርገው በሚስሉበት በዚያ ዘመን በየዓመቱ የአልጄሪያ ሠራተኞች ወደዚያች መንደር እየመጡ በገበሬዎቹ ዘንድ በእንግድነት ተቀመጡ። በመንደሩ ምንጭ አጠገብም ሱረቱል ፋቲሓ ተቀራ። ሙስሊም በሌሎች የሃይማኖት በዓል ላይ ስለመገኘቱ የሸሪዓ ብይን መስጠት የዑለማዎች ድርሻ ነው፤ እኛ የምንተርከው የሆነውን ነው። የሆነውም ጦርነቱ እየነደደ ቁርኣን በፈረንሳይ ገጠር በአክብሮት መደመጡ ነው። ስብሰባው ማሲኞን ከሞተ በኋላም ቀጥሏል።

ኦክቶበር 17 ቀን 1961

የጦርነቱ መገባደጃ ላይ ግፉ ፓሪስ ደረሰ። የፓሪስ ፖሊስ አዛዥ ሞሪስ ፓፖን ኦክቶበር 5 ቀን 1961 ለአልጄሪያውያን ብቻ የሚሠራ ሰዓት እላፊ አወጀ። ሰዎች በመልካቸውና በዘራቸው ተለይተው ከማታው 2፡30 እስከ ንጋት 11፡30 እንዳይወጡ ተባሉ። ኦክቶበር 17 ማታ በሺዎች የሚቆጠሩ አልጄሪያውያን ሚስቶቻቸውንና ልጆቻቸውን ይዘው፣ ያለ መሣሪያ፣ ይህን ለመቃወም ወደ ከተማዋ መሀል ወጡ። ፖሊስ በዱላና በጥይት ተቀበላቸው። ከ11,000 በላይ ሰዎች ታሰሩ። ብዙዎች ተገደሉ፤ አስከሬኖችም ወደ ሴን ወንዝ ተጣሉ። መንግሥት መጀመሪያ ያመነው ጥቂት ሰው መሞቱን ብቻ ነበር። የታሪክ አጥኚዎች ግን ከብዙ አሥር እስከ ሁለት መቶ የሚደርስ ቁጥር ይሰጣሉ።

በማግስቱ ከተማዋ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። የ78 ዓመቱ ማሲኞን ግን የሟቾቹ ነገር እረፍት ነሣው። ስም የሌላቸው ሙስሊሞች ያለ ሶላትና ያለ ክብር እንዳይጣሉ፣ ተፈልገው በአግባቡ እንዲቀበሩ ጥረት አደረገ። ጀናዛ በሕያዋን ላይ ያለ ሐቅ መሆኑን ለኛ ማስረዳት አያስፈልግም። ቀባሪ ሲጠፋ ምን እንደሚሰማም በስደት ያለ ወንድምና እኅት ሁሉ ያውቃል። ይህ ሰው ሃይማኖታችንን ሳይከተል የሃይማኖታችንን ሐቅ ዐውቆ ጠየቀልን።

ማርች 18 ቀን 1962 የኤቪያን ስምምነት ተፈረመ። ጁላይ 5 ቀን 1962፣ ያ የተሰበረ ቃል ከተፈረመ ልክ 132 ዓመት በኋላ፣ አልጄሪያ ነጻነቷን አወጀች። ከትሻዋም ወደ መስጂድነቱ ተመለሰ። ማሲኞን ነጻነቱን ለማየት ታድሏል። የትጥቅ ትግሉ የተጀመረበት ስምንተኛ ዓመት ዋዜማ ላይ፣ ኦክቶበር 31 ቀን 1962 ሌሊት በ79 ዓመቱ ሞተ። በ1965 የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ስለ ሙስሊሞች በአክብሮት የሚናገረውን ሰነድ ስታወጣ የእሱ የዕድሜ ልክ ሥራ አስተዋጽኦ እንደነበረው ብዙዎች ይስማማሉ።

እንዴት እንመዝነው?

ማሲኞንን ቅዱስ አድርገን አናቀርበውም። ለፒኮ ያገለገለው ዘመንና የማሊክ ቢን ነቢ ምስክርነት በታሪኩ ውስጥ ይኖራሉ። በሌላ በኩል ምዕራባዊ ሁሉ አንድ ነው የሚለው ንግግርም ፍትሐዊ አይደለም። አላህ በቁርኣኑ በሰዎች ላይ ያለን ጥላቻ ፍትሕን እንዳያስተወን አዞናል።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከጧኢፍ ተገፍተው ሲመለሱ መካ እንዲገቡ ጥበቃ የሰጧቸው ሙጥዒም ኢብኑ ዐዲይ ሙስሊም አልነበሩም። ሆኖም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ውለታቸውን አልረሱም፤ ከበድር ዘመቻ በኋላ፣ ሙጥዒም ከሞቱም ወዲህ፣ በክብር አስታውሰዋቸዋል። የመጀመሪያዎቹን ሙሃጂሮች ተቀብሎ አሳልፎ ያልሰጠው የሐበሻው ንጉሥም ጥበቃውን የሰጠው ገና እስልምናን ሳይቀበል ነበር። ለሙስሊም የተደረገ መልካም ነገር ከማንም ይምጣ በሙስሊም ዘንድ አይረሳም።

ከዚህ ታሪክ ለራሳችንም የምንወስደው አለ። ማሲኞንን ወደዚያ አቋም ያደረሰው የክርክር መጽሐፍ አልነበረም። የአንድ የባግዳድ ሙስሊም ቤተሰብ እንግዳን አሳልፎ አለመስጠት ነው። አሉሲዎቹ በ1908 የሠሩት መልካም ሥራ በ1961 በፓሪስ ለተገደሉ አልጄሪያውያን ጠያቂ ሆኖ እንደሚመለስ አያውቁም ነበር። እኛም በየጎረቤታችን፣ በየሥራ ቦታችንና በስደት አገር የምንጠብቀው አማና የት እንደሚደርስ አናውቅም። ማድረስ የአላህ ነው፤ የኛ ድርሻ መጠበቅ ነው።

ወላሁ አዕለም።